የሌሊት ፊልም ማራቶን

የሌሊት ፊልም ማራቶን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሙሉ ፊልሞች ከምሽት እስከ ንጋት፣ ወይም 24 ሰዓት ሙሉ፣ በተከታታይ የሚታዩበት ዝግጅት ነው። በብዛት የሚታዩት አስፈሪ (ሆረር) ፊልሞችና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ (ሳይ-ፋይ) ፊልሞች ናቸው። ዝግጅቱ በተለይ በአሜሪካና በእንግሊዝ የተለመደ ሲሆን፣ ከአሜሪካዎቹ ማራቶኖች አንዳንዶቹ የተጀመሩት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

በማራቶን ከሚታዩት ፊልሞች ብዙዎቹ ቤት ተቀምጦ፣ በአመቺ ሰዓትና በትንሽ ወጪ ሊታዩ ይችላሉ። አንዳንዶቹም በደካማ ድርሰትና በደካማ ትወና የሚታወቁ ናቸው። ይህ ሆኖ ሳለ ታማኝ ተመልካቾች ትራስና ብርድ ልብስ ይዘው በየዓመቱ ወደዚያው አዳራሽ ይመለሳሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ከፊልሞቹ ይልቅ ሌሊቱ በአዳራሹ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ መመልከት ይጠቅማል።

ስያሜና ቅርጽ

ማራቶን የሚለው ቃል የተወሰደው ከረጅሙ የሩጫ ውድድር ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው ሩጫ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነበር። በፊልም ማራቶን ርቀቱ የሚለካው በሰዓት ነው፤ አሸናፊም የለም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ግን እስከ መጨረሻው መድረስ በራሱ እንደ ክብር መቆጠሩ ነው።

አንድ ፊልም ከ80 እስከ 100 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ የ24 ሰዓት ማራቶን ከአጫጭር ፊልሞች፣ ከቆዩ የፊልም ማስታወቂያዎችና ከአጭር እረፍት ጋር ከ12 እስከ 15 ሙሉ ፊልሞች ሊይዝ ይችላል። በሌሊት ብቻ የሚካሄደው ዓይነት ደግሞ አራት ወይም አምስት ፊልሞች ይይዛል። ተመልካቹ ቲኬት የሚገዛው ለአንድ ፊልም ሳይሆን ለሌሊቱ በሙሉ ነው። መውጣትና መግባት፣ መብላት፣ ወንበር ላይ ማሸለብ ይፈቀዳል፤ ፊልሙ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይቀጥላል።

አስፈሪና የሳይ-ፋይ ፊልሞች ለዚህ ዓይነት ዝግጅት የተመረጡበት ምክንያት አለ። በ1930ዎቹ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአነስተኛ ወጪ የተሠሩት የዚህ ዘውግ ፊልሞች ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። የታሪካቸው ሕግም የታወቀ ነው፦ ፍጡሩ ይመጣል፣ ሰዎች አያምኑም፣ አንድ ሳይንቲስት ያስጠነቅቃል፣ በመጨረሻ ፍጡሩ ይሸነፋል ወይም የተሸነፈ ይመስላል። አንድ ተመልካች ሃያ ደቂቃ ተኝቶ ቢነቃ እንኳ የት እንደደረሱ በቀላሉ ይገባዋል። ጸጥታና ሙሉ ትኩረት የሚፈልግ ድራማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይህን ዕድል አይሰጥም።

ታሪክ

ልማዱ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ አስማተኞች እኩለ ሌሊት ላይ የሚያቀርቧቸው የመናፍስት ትርዒቶች ነበሩ። መብራት ጠፍቶ በጨለማ የሚያበሩ የሐሰት መናፍስት በተመልካቹ ራስ ላይ ይበራሉ፤ ከዚያ አስፈሪ ፊልም ይታያል። በ1938 ደግሞ ሁለቱ የ1931 ፊልሞች፣ «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን»፣ በአንድ ቲኬት እንደገና ሲታዩ ሕዝቡ በብዛት ጎረፈ። አሮጌ አስፈሪ ፊልሞችን አንድ ላይ አድርጎ ማሳየት አትራፊ መሆኑ ያን ጊዜ ታየ፤ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮም በ1939 «ሰን ኦቭ ፍራንከንስታይን» («የፍራንከንስታይን ልጅ») የተባለውን ተከታይ ፊልም አወጣ።

ሁለተኛው ምንጭ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሆነው ፊልም የሚያዩበት የሜዳ ሲኒማ ነው። የመጀመሪያው በ1933 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ካምደን አካባቢ ተከፈተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የነበሩት የሜዳ ሲኒማዎች ቁጥር ከ4,000 በላይ ደርሶ ነበር። እነዚህ ሜዳዎች በበዓላት ሰሞን ከጀምበር መጥለቂያ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ፕሮግራም ያዘጋጁ ነበር፤ ለዚህም ርካሽ አስፈሪና የሳይ-ፋይ ፊልሞች ተመራጭ ነበሩ።

ሦስተኛው ምንጭ ቴሌቪዥን ነው። በ1957 «ሾክ ቲያትር» በሚል ስም 52 የቆዩ ፊልሞች ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቀረቡ። በየከተማው አስፈሪ ልብስ የለበሱ አስተዋዋቂዎች ፊልሞቹን እየቀለዱ በሌሊት ያቀርቧቸው ጀመር። በዚህ መንገድ ያደገው ትውልድ ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን ያወቀው በማምሸትና በቀልድ ታጅቦ ነው።

በ1970ዎቹ የእኩለ ሌሊት ፊልም ባህል በኒው ዮርክ ተስፋፋ። ከ1970 መጨረሻ ጀምሮ ኤልጂን በተባለው ሲኒማ ቤት የአሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ «ኤል ቶፖ» ለወራት በእኩለ ሌሊት ታየ። በ1976 ደግሞ ዌቨርሊ በተባለው ሲኒማ ቤት «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» በእኩለ ሌሊት መታየት ጀመረ፤ ተመልካቾቹም ከፊልሙ ጋር መነጋገርን፣ እንደ ገጸ ባሕርያቱ መልበስንና ዕቃ መወርወርን ልማድ አደረጉ። ዛሬ በማራቶኖች የሚታየው የአዳራሽ ባህል ከዚህ ዘመን ብዙ ወርሷል።

የታወቁ ማራቶኖች

የቦስተን የሳይ-ፋይ ማራቶን በ1976 በቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኬምብሪጅ ከተማ፣ ኦርሰን ዌልስ በተባለው ሲኒማ ቤት ተጀመረ። ወቅቱ የካቲት አጋማሽ ላይ የሚውለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቀን ሰሞን ነው፤ ሰኞ የዕረፍት ቀን ስለሚሆን ተሳታፊዎች ከድካማቸው የሚያገግሙበት ጊዜ ያገኛሉ። «ዳክ ዶጀርስ» የተባለው የ1953 አጭር የካርቱን ፊልም ከቋሚ ልማዶቹ አንዱ ነው፤ ከፎይል የተሠራ ባርኔጣ ውድድርም ይታወቅበታል። ሲኒማ ቤቱ በ1986 በእሳት ከተጎዳ በኋላ ተዘጋ። ማራቶኑ ግን አልቀረም፤ ኩሊጅ ኮርነርንና ሱመርቪል ቲያትርን ወደመሳሰሉ አዳራሾች እየተዛወረ ቀጠለ። አዳራሹ ጠፍቶ ልማዱ መቆየቱ፣ ተመልካቾቹን ያሰራቸው ሕንጻው ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

በዚያው በ1976 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የፊልም ማኅበር የራሱን የሳይ-ፋይ ማራቶን ጀመረ።

ቢ-ፌስት በቺካጎ አጠገብ፣ ኢቫንስተን በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚካሄድ የ24 ሰዓት ማራቶን ሲሆን፣ የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። «ቢ» የሚለው ፊደል በአነስተኛ ወጪ የተሠሩ የሁለተኛ ደረጃ ፊልሞችን ያመለክታል። በእኩለ ሌሊት «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» የተባለው የኤድ ዉድ ፊልም ይታያል። በፊልሙ ውስጥ በራሪ ሳህኖች ሲመጡ ተመልካቾች የወረቀት ሳህን በአዳራሹ ውስጥ ይወረውራሉ። የፊልሙ ታዋቂ ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ በ1956 ስለሞተ፣ በቀሩት ትዕይንቶች ሌላ ሰው ፊቱን በካባ ሸፍኖ ተክቶታል። የአዳራሹ ሰው ይህን ስለሚያውቅ የትኛው ቤላ፣ የትኛው ተተኪው እንደሆነ እየጮኸ ይለያል።

በፊላደልፊያ ኤግዙምድ ፊልምስ የተባለው ቡድን ከ2007 ጀምሮ የ24 ሰዓት የአስፈሪ ፊልሞች ማራቶን ያዘጋጃል። የፊልሞቹ ስም አስቀድሞ አይነገርም፤ ለተመልካቾች የሚሰጠው ፍንጭ ብቻ ነው። ፊልሞቹም የሚታዩት በፕሮጀክተር ከሚዞር የፊልም ጥቅል ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ለንደን፣ ኪንግስ ክሮስ ሰፈር የነበረው ስካላ ሲኒማ በ1980ዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በሚዘልቁ ፕሮግራሞቹ ታዋቂ ነበር። ሲኒማ ቤቱ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» የተባለውን ፊልም ያለፈቃድ በማሳየቱ ከተከሰሰ በኋላ በ1993 ተዘግቷል።

ተመልካቾች የሚመለሱበት ምክንያት

በልክ የሆነ ፍርሃት። ሰው ለምን ወዶ ይፈራል የሚለው ጥያቄ በሥነ ልቦና ብዙ ተጠንቷል። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት 110 ሰዎችን በመዝናኛ የፍርሃት ቤት ውስጥ ተከታትለዋል። ውጤቱ እንደሚያሳየው ደስታ የሚበዛው ፍርሃቱ መካከለኛ ሲሆን ነው፤ በጣም ሲያንስ ይሰለቻል፣ በጣም ሲበዛ ደስታው ይቀንሳል። አዳራሹ ይህን ልክ ለመጠበቅ ያግዛል። በግራና በቀኝ ሰው ተቀምጧል፤ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይስቃል። ብቻውን በሌሊት ሊያየው የማይደፍረውን ፊልም አንድ ሰው በሁለት መቶ ሰው መካከል ሆኖ ያየዋል።

የሚሻገር ስሜት። ዶልፍ ዚልማን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1971 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በአንድ ክስተት የተነሳሳ የሰውነት ግለት (የልብ ምት፣ የትንፋሽ ፍጥነት) ወዲያው አይጠፋም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስሜት ያጎላዋል። የፍርሃት ትዕይንት ሲያልፍ እፎይታው ከወትሮው የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። በማራቶን ፍርሃት፣ እፎይታና ሳቅ በሰዓታት ውስጥ ደጋግመው ይፈራረቃሉ።

የጋራ ሳቅ። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው ተመራማሪ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል ይበልጥ እንደሚስቁ ጽፏል። የሮቢን ደንባር የምርምር ቡድን ደግሞ በ2012 አብረው የሳቁ ሰዎች ሕመምን የመቻል አቅማቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ ይህንንም ኢንዶርፊን ከተባለው የሰውነት ንጥረ ነገር ጋር አያይዞታል። ደካማ ፊልም በማራቶን ላይ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አሰልቺ የሆነው ገመዱ የሚታይ የጎማ ጭራቅ፣ በሞላ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚስቅበት ይሆናል።

የጋራ ድካም። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ የእንቅልፍ ፍላጎት ይበረታል። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት 35 ሰዓት ያህል ያልተኙ ሰዎች ደስ የማይሉ ሥዕሎች ሲያዩ፣ አሚግዳላ የተባለው የስሜት ማዕከላቸው ከተኙት 60 በመቶ ያህል የበለጠ እንደሚነሳሳ አሳይቷል። የማራቶን ተመልካች ሁልጊዜ እስከዚህ ድረስ አይደክምም፤ ሆኖም አቅጣጫው ያው ነው። በንጋት ላይ ትንሹ ቀልድ ያንከተክታል፣ ትንሹ ድምፅ ያስደነግጣል። ያን ሰዓት አብረው ያሳለፉ እንግዳ ሰዎችም ቡናና ፈንዲሻ እየተካፈሉ በቀላሉ ይግባባሉ።

ተደጋጋሚ ሥርዓት። ኤሚል ዱርኬም የተባለው ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1912 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ያንኑ ድርጊት ሲፈጽሙ ብቻቸውን የማያገኙት የጋራ ግለት እንደሚፈጠር ገልጿል። እሱ የጻፈው ስለ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው፤ ሐሳቡ ግን ስለ ስታዲየምና ስለ ኮንሰርት ለመናገርም ይጠቀሳል። የወረቀት ሳህን መወርወር ወይም በየዓመቱ ያንኑ ካርቱን ማየት በራሱ ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚሰጠው ድርጊቱ አምናም የተደረገ፣ ለከርሞም የሚደረግ መሆኑ ነው። አዲስ መጤው መቼ እንደሚጮኽ ከጎኑ ካለው ነባር ይማራል፤ በሁለተኛው ዓመት ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

ምርጫን ለሌላ መተው። በቤት ውስጥ ተመልካች ሺህ ፊልሞች ቀርበውለት የትኛውን እንደሚያይ ሲወስን ሊያመሽ ይችላል፤ ካልጣመውም ወዲያው ይለውጠዋል። በማራቶን ግን የሚታየውን ይቀበላል። ብዙዎች ራሳቸው ፈጽሞ የማይመርጡትን ፊልም አይተው የሚወዱት በዚህ መንገድ ነው።

የሌሊቱ አደራደር

ጥሩ ማራቶን የፊልሞች ክምር ብቻ አይደለም፤ አዘጋጁ የተመልካቹን ጉልበት አስቦ ይደረድራል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያውቀውና አዳራሹን የሚያሞቅ ፊልም ይቀርባል። ትኩረት የሚጠይቀው፣ ዝግ ያለው ወይም ከባዱ ፊልም የሚመደበው ገና ምሽት ሳለ ነው። እኩለ ሌሊት ጩኸትና ጭብጨባ የሚያስነሳው ፊልም ተራ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ያለው ክፍል አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዱ አዘጋጅ ግራ የሚያጋባ እንግዳ ፊልም ያስገባል፤ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ፊልሙና ሕልሙ ይደባለቁበታል። ሲነጋ ፈጣንና ድምፀ ብዙ ፊልም ሰዎችን ይቀሰቅሳል። የመጨረሻው ተወዳጅ ፊልም ካልሆነ ሰው በመካከል ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጩኸትና ዝምታ

በማራቶን ተመልካቾች መካከል የቆየ ክርክር አለ። አንዱ ወገን በፊልሙ ላይ እየጮኹ መቀለድ የዝግጅቱ ነፍስ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በሲኒማ ስክሪን ላይ ከስንት አንዴ የሚገኝ የቆየ ፊልም በቀልድ መሸፈኑ ይቆጨዋል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በ1950ዎቹ የተሠራ ፊልም ላይ መሳቅ አንዳንዴ የሠሪዎቹን ልፋት መናቅ ይሆናል። በሌላ በኩል በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴቶችና ጥቁር ሰዎች በተዋረደ መልክ ሲቀርቡ፣ የአዳራሹ ተቃውሞ ዝም ብሎ ከመመልከት ይሻላል የሚሉም አሉ። አንዳንድ ማራቶኖች ልማዱን በፊልሙ ዓይነት ይለያሉ፤ ለቀልድ የተመረጠው ላይ ይጮኻል፣ ለክብር የተመረጠው በጸጥታ ይታያል።

ጤናና ጥንቃቄ

የሌሊት ፊልም ማራቶን ትልቁ አደጋ በስክሪኑ ላይ የለም፤ ከዝግጅቱ በኋላ መኪና መንዳት ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት፣ 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው በአንዳንድ የቅልጥፍና ፈተናዎች ላይ ያሳየው ድክመት በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አመልክቷል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለአሽከርካሪ የተቀመጠው ወሰን 0.08 በመቶ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነቅቶ ቀትር ላይ ማራቶን የገባ ሰው፣ እሑድ ቀትር ላይ ሲወጣ 29 ሰዓት ሳይተኛ ቆይቷል ማለት ነው።

ቡና እንቅልፍን የሚያስጠራው አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እንዳይሠራ ለጊዜው በመከልከል ነው፤ የእንቅልፍ ዕዳውን ግን አይከፍልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተሳታፊዎች ከዝግጅቱ በፊት በደንብ ይተኛሉ፣ በመካከል ያሸልባሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ሲመለሱ በሕዝብ መጓጓዣ ይሄዳሉ ወይም የተኛ ሰው እንዲያሽከረክር ያደርጋሉ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ የእንቅልፍ እጦት በሽታውን ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃንም ለአንዳንዶቹ እንዲሁ።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

የቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎም የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት ሲመጣ ማራቶን የሚያበቃለት ይመስል ነበር፤ ዋና ጥቅሙ ሌላ ቦታ የማይገኝ ፊልም ማሳየት ከሆነ ምክንያቱ ጠፍቷልና። ነባሮቹ ማራቶኖች ግን ይህን ዘመን ተሻግረዋል። በ2020 በኮቪድ-19 ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ የፊልም እጥረት አልነበረም፤ የቀረው በአንድ አዳራሽ መሰብሰቡ ነበር። በዚያው ወቅት ተሠርቶ በ2021 የታተመ ጥናት፣ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ ያሳዩት የሥነ ልቦና ጭንቀት ከሌሎች ያነሰ እንደነበር ገልጿል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ፊልሞቹ አጠንክረዋቸው ይሁን ወይም ጠንካሮቹ ፊልሞቹን መርጠው ይሁን አይለይም።

የማራቶን ሕልውና አሁን የተመሠረተው ትልልቅ ባልሆኑ ሲኒማ ቤቶችና በዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ላይ ነው። ሌሊቱን በሙሉ በሩን ክፍት የሚያደርግ፣ ፕሮጀክተር የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ያለውና የቆየ የፊልም ጥቅል ማሳየት የሚችል አዳራሽ በቀላሉ አይገኝም። ኦርሰን ዌልስ ሲኒማ ሲዘጋ የቦስተኑ ማራቶን የተረፈው ሌላ ተቀባይ አዳራሽ በአቅራቢያው ስለነበረ ነው። ተመልካቾቹ ለመመለስ ፈቃደኞች ቢሆኑም፣ የሚመለሱበት አዳራሽ መኖሩ ግን በእነሱ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም።